አልጌና ትርፍ ብርሃን

በትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው አልጌ በአዲስ አበባው ኮልፌ የሚታወቀው በፈረቃ የሚመጣው ውኃ የሚጠራቀምበትን ነጭ ጀሪካን ከውስጥ የሚያለብስ፣ በክረምትም የግቢውን ድንጋይ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር ሆኖ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ በአብዛኛው ባለ አንድ ሕዋስ የሆነ ፍጥረት በየቀትሩ የሚያከናውነው ረቂቅ ሥራ ተገቢውን ክብር ሳያገኝ ኖሯል። ብርሃን አስተፃምሮ፣ ማለትም በብርሃን ኃይል ውኃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር መለወጥ፣ ለማንኛውም ተማሪ የታወቀ ነው፤ እምብዛም የማይነገረው ብርሃኑ ከሚፈለገው በላይ ሲሆን የሚደረገው ነው።

ፀሐይ በበዛች ቁጥር አልጌም የዚያኑ ያህል ይመገባል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማም ፀሐይ በቀትር በትክክል ከአናት በላይ ትውላለች። የብዙዎቹ አልጌዎች ስኳር የመሥራት አቅም ግን ከሙሉው የቀትር ብርሃን ሩብ በሚሆነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰው ላይ ጣሪያውን ይነካል። ቀሪው ብርሃን ዝም ብሎ የሚባክን ቢሆን ጉዳት ባልነበረው፤ ነገር ግን ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም የያዘውን ኃይል የሚያሳልፍበት ሲያጣ ኃይሉ ወደ ኦክስጅን ይሻገርና ኦክስጅኑን ሕዋሱን የሚያቃጥል መርዝ ያደርገዋል።

አልጌው ከዚህ አደጋ የሚያመልጥበት መንገድ ከኮልፌ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ያለውን የገፈርሳ ግድብ ያስታውሳል። የግድብ ማስተንፈሻ ምን ያህል ዝናብ እንደዘነበ አይለካም፤ የሚያውቀው በግድቡ ውስጥ ውኃው የደረሰበትን ከፍታ ብቻ ነው። አልጌውም እንዲሁ በዋናነት የሚለካው ፀሐይን ሳይሆን በራሱ ውስጥ የተጠራቀመውን ነው። ብርሃን አስተፃምሮ ሲካሄድ ፕሮቶን የተባሉ የአሲድነት ምንጮች ክሎሮፕላስት በተባለው የሕዋሱ ክፍል ውስጥ ባሉ ስስ ሽፋኖች ተከልለው ይከማቻሉ፤ ስኳር የመሥራቱ ሥራ እኩል መራመድ ሲያቅተው ክምችቱ ያይልና በሽፋኖቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እየጎመዘዘ ይሄዳል። ይህን ጉምዛዜ የሚያውቅ ፕሮቲን አለ፤ ኤል.ኤች.ሲ.ኤስ.አር.3 የሚል ምሕጻረ ስም የተሰጠው ሲሆን፣ ክላሚዶሞናስ በተባለው አረንጓዴ አልጌ ውስጥ ያለው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2009 ታውቋል። አሲዱ ሲነካው ቅርጹን ይለውጥና ትርፉን የብርሃን ኃይል ገና ጉዳት ሳያደርስ ወደ ሙቀት ቀይሮ ያፈስሰዋል፤ ደመና መጥቶ ጥላ ሲያጠላና አሲዱ ሲቀንስ ደግሞ ማስተንፈሻው መልሶ ይዘጋል። ጤፍና ስንዴ ለተመሳሳይ ሥራ የሚጠቀሙት ሌላ ፕሮቲን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ክላሚዶሞናስ ይህን ፕሮቲን በብዛት አዘጋጅቶ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። በደብዛዛ ብርሃን የኖረ ሕዋስ የሚኖረው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ የሚበቃውን ያህል ለመሥራት በብርቱ ብርሃን ውስጥ ሰዓታት መቆየት ይኖርበታል፤ ሥራው እንዲጀመር ከሚያዙት መልእክቶች አንዱ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃንን ከሚለይ ሌላ ፕሮቲን መሆኑም እ.ኤ.አ. በ2016 ተገልጿል። ስለዚህ በጥላ መደርደሪያ ላይ ያደገን አልጌ በአንድ ጊዜ ለቀትር ፀሐይ አውጥቶ ሲነጣ «ዘሩ ደካማ ነበር» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጥፋቱ ለመለማመጃ ጊዜ የነፈገው ሰው ነው።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ያቀለመው ስፒሩሊና በጥብቅ ምደባ ከባክቴሪያ ወገን ቢሆንም በሥራው የአልጌ ዘመድ ነው። መከላከያው ግን ሌላ ነው፤ ብርቱካናማ የሆነው ጠባቂ ፕሮቲኑ ብርቱ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ወደ ቀይ ይለወጥና ብርሃን ሰብሳቢ አካሎቹ ላይ ተጣብቆ ትርፉን ወደ ሙቀት ያወጣዋል። ይህ ፕሮቲን ቀለሙን የሚያገኘው ካሮቲኖይድ ከተባሉት ቀለሞች ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች ስፒሩሊና የሚመገቡት ፍላሚንጎዎች ላባም የሚቀላው ከምግባቸው በሚያገኙት በዚሁ የቀለም ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ታሊንግ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት የብርሃን አስተፃምሮን የላይኛ ጣሪያ ለማወቅ ከመረጣቸው ውኃዎች አንዱ ይኸው አረንጓዴ ሐይቅ ነበር፤ በዚያ ከላይ ያሉት ሕዋሶች በብዛታቸው ከታች ላሉት ጥላ ስለሚሆኑ፣ ብርሃን የሚበዛበት ሕዋስና ብርሃን የሚጠማው ሕዋስ በአንድ ሐይቅ ውስጥ በጥቂት ክንድ ልዩነት ይኖራሉ።

የጀሪካኑም ነገር በዚሁ ይፈታል። ፀሐዩ ይገድልልኛል በሚል ነጩን ጀሪካን በግቢ አስጥቶ መተው ቀስ በቀስ ብርሃኑን የለመደውን አልጌ አያጠፋም፤ የሚበቃውን ወስዶ ቀሪውን በሙቀት እያፈሰሰ ይቆያል። አልጌው ማስተንፈሻ ያበጀው ለትርፍ ብርሃን እንጂ ለብርሃን እጦት ስላልሆነ፣ ጀሪካኑን አጥቦ ብርሃን በማያሳልፍ ጨርቅ መሸፈን ወይም ጨለማ ክፍል ማስቀመጥ ይሻላል።