ነፃው ሊኑክስ በታላላቅ ኮምፒዩተሮች ላይ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከደጋው በበቅሎ የወረደው ቡና ጋምቤላ ላይ ወደ መርከብ እየተዛወረ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ቡናው ያው ቡና ነው፤ የሚለወጠው ማጓጓዣውና አጫጫኑ ነው። አንድን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከአንዱ ዓይነት መኪና ወደ ሌላው ማዛወርም ይህንኑ ይመስላል።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 ዓ.ም. ሲስተም 360 የተሰኙትን ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ለዓለም አስታወቀ። የእነዚህ ዘሮች የሆኑ መኪናዎች የባንክን፣ የኢንሹራንስንና የአየር መንገድን ሒሳብ ሲይዙ ኖረዋል። ይሁን እንጂ መኪናውን የሚያስተዳድረው ሥርዓተ ክወና በአመዛኙ የዚያው የኩባንያው ስለ ነበረ፣ ደንበኛው ዋጋ ቢወደድበት እንኳ ሻጩን ለመለወጥ እጅግ ይቸገር ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስን ለትንሽ ኮምፒዩተር መሥራቱን አስታወቀ። የዚህ ሥርዓተ ክወና ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ በመሆኑ፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያሠራጨው ይችላል። ስለዚህም ሊናስ ቬፕስታስና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ወደ ታላቁ ኮምፒዩተር ሊያዛውሩት ተነሡ። በጀርመን አገር በበብሊንገን የሚገኙ የአይ.ቢ.ኤም. ባለሙያዎችም በበኩላቸው የሠሩትን በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ለሕዝብ አወጡ።

ሊኑክስ በአብዛኛው ሲ በተባለው ቋንቋ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ የበዛው ክፍል እንዳለ ተወሰደ። እንደ አዲስ የተጻፈው በቀጥታ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው፣ ይኸውም ትእዛዝ የሚፈጸምበትን፣ መረጃ የሚቀመጥበትንና የሚገባ የሚወጣበትን መስመር የሚመለከተው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ዜድ.ቪ.ኤም. በተባለው ፕሮግራም አማካይነት አንዱን ታላቅ ኮምፒዩተር ከፋፍሎ ብዙ ሊኑክሶችን ጎን ለጎን ማሠራት ተቻለ፤ ብዙ ትናንሽ መኪናዎችን ለየብቻ መግዛትና መጠበቅም በዚህ ሊቀር ቻለ።

በጀዊ ሱቁን የከፈተ ነጋዴ ታላቅ ኮምፒዩተር አያሻው ይሆናል። ነገሩ ግን እርሱንም ይመለከተዋል፤ ያው ሊኑክስ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው ትንሽ ኮምፒዩተርም ይሠራልና። ነፃ ማለት ግን ወጪ የሌለው ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል፤ ለባለሙያ፣ ለሠራተኛ ማሠልጠኛና ለጥገና የሚከፈል አለ።

እንግዲህ የሒሳብ ፕሮግራም የሚገዛ አስመጪም ሆነ ባለሱቅ፣ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይጠይቅ፦ መኪናው ቢለወጥ ወይም ሻጩ ሥራውን ቢተው፣ የዱቤው፣ የዕቃውና የግብሩ መዝገብ ወደ ሌላ ይዛወራልን? መልሱም በቃል ሳይቀር በውሉ ላይ ይጻፍ።