የበዓል ካርድ በእርሳስ ፊደል

መሥሪያ ቤቶች ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ የሚልኳቸው የመልካም ምኞት መግለጫ ካርዶች ዛሬ በአብዛኛው በኦፍሴት ወይም በዲጂታል መሣሪያ የሚታተሙ ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ የቀደመው የሌተርፕረስ ኅትመት በአውሮፓና በአሜሪካ በተለይ ለግብዣና ለበዓል ካርድ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ቀለም የተቀባው ፊደል ወረቀቱን ተጭኖ ስለሚያትም ጽሑፉ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

ፊደላቱ የሚሠሩት ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ቅይጥ ነው። አንቲሞኒው ለስላሳውን እርሳስ ያጠነክረዋል። የእያንዳንዱ ፊደል ገጽ እንደ ማኅተም ግልብጥ ሆኖ የተቀረጸ በመሆኑ፣ ፊደል ለቃሚው ጽሑፉን ገልብጦ ማንበብ ይጠበቅበታል። የተለቀመው ጽሑፍ በብረት ፍሬም ውስጥ ከተጠበቀ በኋላ ወደ ማተሚያው ይገባል።

በአማርኛ ሥራው ይከብዳል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቅርጽ ሲባዙ፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር፣ 231 ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ሳጥን ያስፈልገዋል። «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» የሚለው አጭር መልእክት 21 ፊደላት ሲኖሩት፣ የሚደጋገሙት «ን» እና «አ» ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለቃሚው እጁን ወደ 19 የተለያዩ ሳጥኖች ይሰዳል። ኅትመቱ ሲያበቃ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ሲሆንም ልዩነት አለ፤ 2000 ዓ.ም በ«፳፻» ሁለት ምልክት ብቻ ሲፈልግ፣ 1999 ግን «፲፱፻፺፱» ተብሎ አምስት ይወስዳል።

ካርድ የሚያሳትም መሥሪያ ቤት ረቂቁን አስቀድሞ ማጽደቁ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። «አደረሳችሁ» የሚለውን ለአንድ የበላይ ኃላፊ «አደረሰዎ» በሚል ለመለወጥ በኮምፒውተር ቅጽበት የሚበቃ ሲሆን፣ በሌተርፕረስ ግን ፍሬሙን ፈትቶ መስመሩን እንደገና ማስተካከልን ይጠይቃል።

እንደ አደይ አበባ ያለ ሥዕል በክሊሼ ወይም በእንጨት ቅርጽ ይታተማል። ካርዱ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጊዜ በማተሚያው ያልፋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበት ካርድ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ወፍራምና ለስላሳ የጥጥ ወረቀት ለዚህ ይመረጣል። የቀድሞ አታሚዎች ፊደሉ ወረቀቱን ነካ ብቻ እንዲያደርግ ይጥሩ ነበር። የአሁኑ ገዢ የሚወደው ጥልቅ አሻራ የእርሳስ ፊደልን ቶሎ ያደክማል።

የግእዝ ፊደል በተንቀሳቃሽ ፊደል መታተም የጀመረው በ1513 እ.ኤ.አ ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን ያሳተመው በዚያ ዓመት ነበር። በአዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም ነው።

ዛሬ የአማርኛን ጽሑፍ በኮምፒውተር አዘጋጅቶ ከፎቶፖሊመር በተሠራ ገበታ በአሮጌው ማተሚያ ማተም ይቻላል፤ በመሆኑም አሮጌው ማተሚያ ያለ እርሳስ ፊደልም ይሠራል። ፊደሉ ራሱ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ከአገልግሎት የወጣ ንብረት የሚያስወግድ ኮሚቴ አንድን የፊደል ስብስብ እንደ ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ቢሸጠውና ቢቀልጥ፣ የተቀረጸበት እናት ቅርጽ ከሌለ ያው ፊደል ተመልሶ አይሠራም። ከጎደለ ስብስብ ደግሞ አንዲት «ኳ» ብቻ ብትጠፋ «እንኳን» የሚለው ቃል አይለቀምም።