የተኛው ሴል፦ ስለ ሳንባ ካንሰር የምንለውና እውነታው

በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ሁለት በሽታ ተሸክሟል። ሐኪሙ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲል ቲቢ ማለቱ ነው፤ ሰሚው ግን ካንሰር መስሎት ይደነግጣል። ተገላቢጦሹም ያጋጥማል። የማይለቅ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታና የክብደት መቀነስ የሁለቱም ምልክት ስለሆኑ፣ እንደኛ ቲቢ በበዛበት አገር ካንሰር ያለበት ሰው የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ ወራት ሊያልፉበት ይችላሉ። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ሳሉ ያልለቀቀው ሰው ለተጨማሪ ምርመራ መመለስ አለበት።

ሁለቱን በሽታዎች በዋናነት የሚለያቸው ግን ምልክታቸው አይደለም። የቲቢ ባክቴሪያ ከውጭ የገባ ባዕድ ነው፤ ካንሰር የራሳችን ሥጋ ነው። የሰውነታችን መከላከያ ደግሞ ባዕዱን ከዘመዱ ለይቶ ባዕዱን እንዲያጠቃ ተደርጎ የተፈጠረ ነው። ስለ ሳንባ ካንሰር የምንሰማቸው ብዙ የተሳሳቱ አባባሎች የሚነሱት ይህን ልዩነት ከመርሳት ነው።

«በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለደከመ ነው የያዘው፤ እሱን ማጠናከር ነው።»

አንድ ዘመዴ የሳንባ ካንሰር እንዳለበት በታወቀ ሳምንት የቤቱ ጠረጴዛ በብልቃጥ ተሞላ። ማር በጥቁር አዝሙድ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ዝንጅብል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አንድ ይጨመራል። እያንዳንዱ ብልቃጥ የአንድ ሰው ፍቅር ስለሆነ የትኛውንም አልንቅም። ነገር ግን ከጀርባው ያለው ሐሳብ ልክ አይደለም።

በብዙ የሳንባ ዕጢዎች ውስጥ የመከላከያችን ዘበኞች በቦታቸው አሉ። የዕጢው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቲ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በካንሰር ሴሎቹ መካከል ገብተው ይታያሉ። ደርሰዋል፤ ግን አይዋጉም። ምክንያቱም ቲ-ሴል ፒዲ-1 የሚባል ፍሬን በገጹ ላይ አለው። ይህን ፍሬን በ1992 እ.ኤ.አ. ያገኙት ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሆንጆ በ2018 ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ፍሬኑ የተፈጠረው ዘበኞቹ የገዛ ሰውነታችንን እንዳይጎዱ ነው። የካንሰር ሴል ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን ያወጣና ይህንኑ ፍሬን ይረግጠዋል።

ሌላም ዘዴ አለው። እያንዳንዱ ሴላችን በውስጡ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ቁራጭ ቁራጩን በገጹ ላይ እንደ መታወቂያ ያሳያል፤ ቲ-ሴል የሚያነበው እሱን ነው። በ2017 የወጣ የብሪታንያ ጥናት እንዳሳየው፣ በጣም የተለመደው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ከሆኑ 100 ዕጢዎች በ40ዎቹ ገደማ የዚህ መታወቂያ ጂን አንዱ ቅጂ ጠፍቷል። መታወቂያውን የጣለን ሴል የጠነከረ ዘበኛም ቢሆን አይለየውም።

ስለዚህ የዘመኑ መድኃኒቶች ለዘበኛው ጉልበት አይጨምሩለትም፤ ፍሬኑን ነው የሚያላቅቁለት። ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ፒዲ-ኤል1 በብዛት የሚያወጣ፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ባለባቸው 305 ሰዎች ላይ ከኬሞቴራፒ ጋር ተወዳድሮ ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ በመድኃኒቱ ከጀመሩት 32 በመቶ ገደማ፣ በኬሞ ከጀመሩት 16 በመቶ ገደማ በሕይወት ነበሩ። ፍሬን ሲላቀቅ ግን ዘበኛው በጤናማው ሳንባ፣ በአንጀት፣ በታይሮይድ ላይም ሊነሳ ይችላል፤ አንዳንዴ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ። «መከላከያዬ ይጠንክርልኝ» የሚል ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይህ ነው። ማሩንና ሽፈራውን የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንድ ዕፅዋት መድኃኒት በጉበት የሚሰባበርበትን መንገድ ያዛባሉ።

«ዕጢው በኬሞ ከቀነሰ አለቀለት።»

ባሕር ዛፍ የቆረጠ ሰው ይህን አባባል በቀላሉ አይቀበለውም። ግንዱ ወድቆ፣ ቅርንጫፉ ተለቅሞ፣ ጉቶው በክረምቱ ያቆጠቁጣል። በዕጢ ውስጥም እንደ ጉቶው ያሉ ሴሎች አሉ፤ ተመራማሪዎች የካንሰር ስቴም ሴሎች ይሏቸዋል። በቁጥር ብዙውን ጊዜ ጥቂት ናቸው። ቀስ ብለው ስለሚከፋፈሉ፣ ፈጥኖ የሚከፋፈለውን የሚገድለው ኬሞ ይስታቸዋል። ከአንዳቸው ዕጢው እንደገና ሊገነባ ይችላል። ሐሳቡ በጠንካራ ማስረጃ የቆመው በ1990ዎቹ በቶሮንቶ፣ ጆን ዲክና ባልደረቦቻቸው በደም ካንሰር ላይ በሠሩት ሥራ ነው፤ በሳንባ ካንሰር እንዲህ ያሉ ሴሎችን የጣሊያን ተመራማሪዎች በ2008 ለይተው አሳትመዋል።

እነዚህ ሴሎች ከመከላከያችን ጋር ያላቸው ግንኙነት ከመደበቅም ያልፋል። ቆሻሻ የሚውጡት ማክሮፋጅ የተባሉ ሴሎች እንዳይውጧቸው «አትብላኝ» የሚል ምልክት የሆነውን ሲዲ47 በገጻቸው ያወጣሉ። አልፎም ማክሮፋጆቹን በኬሚካል መልእክት ወደ ዕጢው ይጠሯቸዋል። የተጠራው ማክሮፋጅ በዚያ አካባቢ ሲቆይ ጠባዩ ይለወጣል፤ ቲ-ሴሎችን የሚያዳክም፣ ስቴም ሴሉም በዚያው ጠባዩ እንዲቆይ የሚያደርግ መልእክት ይልካል። ዘበኛው ቀላቢ ሆነ ማለት ነው።

የጉቶው ምሳሌ ግን አንድ ቦታ ላይ ያጥራል። ስቴም ሴልነት ቋሚ ማዕረግ አይደለም። ተራ የነበረ የካንሰር ሴል መድኃኒት ወይም የመከላከያ ጫና ሲበረታበት ወደዚያ ጠባይ ሊለወጥ፣ ሲረጋጋም ሊመለስ ይችላል። «ስቴም ሴሎቹን ብቻ ለይተን እንግደል» የሚለው ዕቅድ ከተጠበቀው በላይ አስቸጋሪ የሆነው ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ «የስቴም ሴል መርፌ የሳንባ ካንሰርን ይፈውሳል» እያሉ ውድ ዋጋ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች አሉ። ለሳንባ ካንሰር የተረጋገጠ እንዲህ ያለ ሕክምና የለም። ለዚያ ብሎ ቤት የሚሸጥ ሰው ካለ እባካችሁ አስቁሙት።

«ካንሰርን ቢላ ከነካው ይበተናል።»

በጊዜ የተገኘን፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልን ዕጢ ሰዎች ይዘውት ቤት የሚቀመጡት በዚህ አባባል ፈርተው ነው። አባባሉ ከባዶ አልተነሳም፤ ጎረቤት ተቀደደ፣ ዳነ ተባለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በአንጎሉ ወይም በአጥንቱ ላይ ወጣበት። ታዲያ ቢላው ካልሆነ ምኑ ነው?

ብዙውን ጊዜ ሴሎቹ ከዕጢው የወጡት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ወጥተው፣ ሌላ ቦታ ደርሰው፣ ተኝተው ነበር። በኒው ዮርክ የመሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የጆአን ማሳጌ ቡድን በ2016 ያሳተመው ሥራ ይህን በቅርበት ያሳየናል። ከሰው የሳንባና የጡት ካንሰር የመጡ ሴሎችን በአይጦች ውስጥ ለቀው፣ ለወራት ሳያድጉ የቀሩትን ፈልገው አወጡ። የተገኙት የስቴም ሴል ጠባይ ያላቸው ነበሩ፤ ዲኬኬ1 የተባለ ፕሮቲን ራሳቸው እያመነጩ የእድገት መልእክታቸውን ያፍናሉ። በዚያው ጊዜ «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ጠላትን የሚለዩበትን ምልክት ከገጻቸው ይቀንሳሉ። ለማደግ ሲነቁ ምልክቱ ይመለሳል፤ ገዳዮቹም ያገኟቸዋል። ተመራማሪዎቹ ገዳዮቹን ሴሎች ከአይጦቹ ሲያስወግዱ የተኙት ተነስተው ዕጢ ሆኑ።

ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የቲቢ ባክቴሪያ በሰው ሳንባ ውስጥ በመከላከያ ሴሎች ተከቦ ለዓመታት እንደሚተኛ፣ አቅም ሲደክም እንደሚነሳ እናውቃለን። በአንድ ስም የጠራናቸው ሁለት በሽታዎች እዚህ ላይ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ፣ የተኛውን ቲቢ የሚገድል ክኒን አለን፤ ለተኛው የካንሰር ሴል ግን እስካሁን የለንም።

«የማያጨስ ሰው የሳንባ ካንሰር አይዘውም።»

ትንባሆ ዋናው ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም። ግን በዓለም ላይ የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው መካከል አጭሰው የማያውቁ ብዙዎች አሉ፤ ከነሱም ሴቶች ይበዛሉ። ማዕድ ቤታችንን እናስበው። ኩበቱ እርጥብ ነው፤ እናት ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ ጭሱ ጣሪያውንም ሳንባዋንም ያጠቁራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስን «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍተኛ» ከሚላቸው መድቦታል፤ የውጭ አየር ብክለትን ደግሞ በ2013 በእርግጠኝነት ካንሰር አምጪ ብሎታል።

አየሩ እንዴት ካንሰር እንደሚያመጣ ያሳየው በ2023 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የለንደኑ የቻርልስ ስዋንተን ቡድን ሥራ ነው። ቡድኑ ካንሰር የሌለበትን የ295 ሰዎች የሳንባ ሥጋ መርምሮ በ18 በመቶው ኢጂኤፍአር በተባለው ጂን ላይ ካንሰር ነጂ ለውጥ አገኘ። ዘሩ አለ፤ አልበቀለም። በአይጦች ላይ እንደታየው ደቃቅ ብናኝ ሲገባ ማክሮፋጆች ለማጽዳት ይጎርፋሉ፤ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለ የብግነት መልእክት ይረጫል። መልእክቱ የአየር ከረጢቶቻችንን የሚጠግኑትን ሴሎች «ተነሱ፣ ጠግኑ» ይላቸዋል። ያ ለውጥ ያለባቸውም ይነሳሉ፤ የስቴም ሴል ጠባይ ይይዛሉ፤ መከፋፈል ይጀምራሉ። ያስነሳቸው ሊያጸዳ የመጣው መከላከያችን ነው።

መልእክቱን ማፈን ይቻል እንደሆነ አጋጣሚ ፈትኖታል። በ2017 የታተመ፣ ከ10,000 በላይ የልብ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ኢንተርሉኪን-1 ቤታን የሚያፍነውን ካናኪኑማብ ሲሞክር፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በግልጽ ቀንሶ ታየ። ተስፋው ትልቅ ነበር። በኋላ ግን ያው መድኃኒት የሳንባ ካንሰር ለያዛቸው ሰዎች ሲሰጥ ዕድሜያቸውን አላራዘመም። ለአደጋ በተጋለጡ ሰዎች ላይ ከካንሰሩ በፊት ቢሰጥ ምን ያደርግ እንደሆነ አሁንም የምርምር ጥያቄ ነው፤ ጭሱን ከማዕድ ቤት ማውጣት ግን ጥናት እስኪያልቅ አይጠብቅም።