ከመቱ እስከ ቦሌ፦ መንገደኛን የሚያስደስተውና የሚያማርረው አየር ማረፊያ

ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበደሌና በጅማ በኩል የሚጓዝ ሰው ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ይገኝና ቀኑን አውቶቡስ ላይ ያሳልፋል። መብረር የፈለገ ደግሞ ለዓመታት የነበረው ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ በያዩና በበደሌ አልፎ ጅማ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ መድረስ፣ ሌላው በጎሬና በቡሬ አድርጎ ቁልቁል ጋምቤላ መውረድ ነው። በሁለቱም በኩል ወደ አውሮፕላኑ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ በሰዓት ከበረራው ይረዝማል። ግንባታው በቅርብ ዓመታት የተጀመረው የጎሬ መቱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲነሳ የኢሉባቦር ሰው ፊቱ የሚፈካው ስለዚህ ነው።

ይሁንና አየር ማረፊያ በቅርብ መኖሩ አንድ ነገር፣ የተመቸ መሆኑ ሌላ ነገር ነው። በሚያብረቀርቅ ተርሚናል ውስጥ ተማርሮ የሚወጣ መንገደኛ አለ፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተስተናግዶ አመስግኖ የሚሄድም አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፦ መንገደኛው ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ማወቁ ወይም አለማወቁ።

መጠበቅ ሁሉ እኩል አይረዝምም

የበረራ ጉዞ ብዙው ክፍል መጠበቅ ነው። ለፍተሻ ይጠበቃል፣ ለቼክ ኢን ይጠበቃል፣ ለመሳፈር ይጠበቃል፣ ሲወርዱም ሻንጣ ይጠበቃል። የአገልግሎት አሰጣጥ ተመራማሪው ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋ ሥነ ልቦና ባሳተመው ጽሑፍ ያስቀመጣቸው ነጥቦች ዛሬም ይጠቀሳሉ። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜው ይረዝምበታል። ምክንያቱ ያልተነገረ መዘግየት ምክንያቱ ከተነገረው ይልቅ ያናድዳል። መቼ እንደሚያበቃ ያልታወቀ ጥበቃ ቁርጡ ከታወቀው ይበልጥ ያደክማል። ኋላ የመጣ ሰው ቀድሞ ሲስተናገድ ያየ ደግሞ ንዴቱ እጥፍ ይሆናል።

አበው ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይላሉ። “በረራው በጉም ምክንያት ሁለት ሰዓት ዘግይቷል፤ ቀጣዩን መረጃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንነግራችኋለን” የተባለ መንገደኛ ቡናውን ጠጥቶ፣ ለሚቀበለው ሰው ደውሎ፣ አረፍ ብሎ ይጠብቃል። “ትንሽ ጠብቁ” ብቻ የተባለው ግን ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ይፈራል። ሁለቱም የጠበቁት እኩል ሁለት ሰዓት ቢሆንም ወደ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ወሬ አይመሳሰልም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ድምፁ የሚሰማ ማጉያ፣ ጊዜውን ጠብቆ የሚታደስ ሰሌዳና ሰው መሃል ቆሞ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያስረዳ ሠራተኛ ይበቃል።

ሕንፃ ብቻውን አያስተናግድም

የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ 5ኛ ተርሚናል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 ሲከፈት በዓለም እጅግ ዘመናዊ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሻንጣ ማስተላለፊያው ተዛባ፤ ሠራተኞቹም አዲሱን አሠራር በቅጡ አልተለማመዱትም ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻንጣዎች ከባለቤቶቻቸው ተለያዩ። ሕንፃው ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው በውስጡ የሚሠራው ሰውና የአሠራሩ መቀናጀት ነበር።

በመንገደኞች ዘንድ በጥሩነቱ ስሙ የሚነሳው የሲንጋፖሩ ቻንጊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በከፈተው የገበያ አዳራሽ ውስጥ 40 ሜትር የሚወርድ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አለው። ኢሉባቦር ሶርን የመሰለ የተፈጥሮ ፏፏቴ ስላላት በዚህ አትቀናም። ከቻንጊ መቅሰም የሚገባው ሌላ ነው፦ ምልክቶቹ ሳይጠይቁ ይመራሉ፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መቀመጫ በየቦታው አለ።

ቦሌም ትምህርት አለው። በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ የአየር ማረፊያውን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ከፍ እንዳደረገው ተገልጿል። ይህን ያህል ሰፍቶም በአንዳንድ ሰዓት ሰልፉ ይረዝማል። ምክንያቱ ቦሌ የመሸጋገሪያ ጣቢያ መሆኑ ነው። ከየአህጉሩ የሚመጡ አውሮፕላኖች በተቀራረበ ሰዓት እንዲያርፉና በተቀራረበ ሰዓት እንዲነሡ ይደረጋል፤ አለዚያ ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ የሚሳፈረው ሰው ቀኑን ሙሉ ሊጠብቅ ነው። በዚህ የተነሣ ጠዋት ወደ አፍሪካ ከተሞች፣ ምሽትና ሌሊት ደግሞ ወደ አውሮፓ፣ እስያና አሜሪካ በሚነሡት በረራዎች ሰዓት አዳራሹ ይጨናነቃል፤ በመካከሉ ጭር ይላል። ይህን ያወቀ መንገደኛ ቀደም ብሎ ይደርሳል። ከጅማ ወይም ከጋምቤላ መጥቶ በዚያው ቀን ወደ ውጭ የሚሻገር ሰው ደግሞ ከሀገር ውስጥ ተርሚናል ወደ ዓለም አቀፉ ለመዛወርና ዳግም ለመፈተሽ የሚበቃ ሰዓት ይያዝ።

የኢሉባቦር ሰማይ የራሱ ፕሮግራም አለው

ጎሬና መቱ በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች ናቸው። በዚህ ምድር ማን መቼ እንደሚጓዝ ሲወስን የኖረው ሰማዩ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል መሠረት ባሮ ወንዝ ላይ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ከጎሬ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። መርከቡ የሚመጣው ግን ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው፤ በበጋ ወንዙ ስለሚጎድል ነጋዴው እስከ ቀጣዩ ክረምት ይቆያል።

አውሮፕላን ሲመጣ ነገሩ ተገላበጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በረራ ከጀመረ በኋላ ዲሲ 3 የተባሉት ጠንካራ አውሮፕላኖቹ መኪና በቅጡ ወደማይደርስባቸው የአገር ውስጥ ከተሞች ይበሩ ነበር። ጎሬም ከነዚህ አንዷ ነበረች። ባለ ሣርና ባለ አፈር ሜዳ ግን ዝናብ ሲያጨቀየው ጎማ ይይዛል። መርከቡ ክረምትን ሲጠብቅ አውሮፕላኑ በጋን ጠበቀ። አስፋልት የለበሰ መንደርደሪያ ትልቁ ጥቅሙ ይህን የወቅት ጥገኝነት መቀነሱ ነው።

ጉሙ ግን በአስፋልት አይወገድም። አብራሪው ወደ መሬት ሲቀርብ ከተወሰነ ከፍታ በታች ለመውረድ መንደርደሪያውን ወይም መብራቱን ማየት አለበት። ካላየ እንደገና ይወጣል፤ ጥቂት ዞሮ ይሞክራል፤ ካልሆነም ወደ ሌላ አየር ማረፊያ ይሄዳል። ትላልቅ አየር ማረፊያዎች አውሮፕላኑን በሬዲዮ ሞገድ እየመሩ የሚያወርዱ መሣሪያዎች ስላሏቸው ያ ከፍታ ዝቅ ይላል። መሣሪያው የሌላቸው ትናንሾቹ የተሻለ እይታ ይፈልጋሉ። የመንደርደሪያ መብራት ከሌለ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች ማረፍ አይቻልም።

መዘግየት ተላላፊ መሆኑም መታወቅ አለበት። በሀገር ውስጥ መስመር የሚበረው ኪው 400 ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው፤ በአንድ ቀን ብዙ ምልልስ ያደርጋል። እንበል ጠዋት አሶሳ ደርሶ ይመለሳል፣ ቀጥሎ ጋምቤላ፣ ከሰዓት በኋላ ጅማ። አሶሳ ላይ በጉም አንድ ሰዓት ቢያጣ የጅማው መንገደኛ በጠራራ ፀሐይ ሰማዩን እያየ “ምን ሆነና ነው የዘገየው?” ይላል። ምክንያቱ እሱ ካለበት ሰማይ ሥር ስላልሆነ ካልተነገረው ሊያውቅ አይችልም። ዝም የሚል የትኬት ክፍል ሰውን የሚያስቆጣው እዚህ ላይ ነው።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት

አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከ00:00 እስከ 23:59 ነው። 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13:30 ማለት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። 06:30 የሚለውን አይቶ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል የመሰለው ሰው አየር ማረፊያ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ግማሽ ቀን ሊሆነው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው እኩለ ሌሊትን የተሻገረው በረራ ነው። “ማክሰኞ 00:30” የሚል ትኬት የያዘ ሰው የሚነሣው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቢመጣ አንድ ቀን አልፎታል። ከመቱ የሚነሣ ሰው ከዚህ ላይ የመንገዱን ቀን ቀንሶ ማስላት አለበት። ትኬት የሚሸጥ ሰው ደግሞ በወረቀቱ ጥግ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በእስክሪብቶ ቢጽፍለት ትልቅ ውለታ ነው።

የስም ነገርም እንዲሁ ነው። በትኬቱ ላይ ያለው ስም በፓስፖርቱ ወይም በመታወቂያው ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። አንድ ፊደል ያነሰችበት ስም የቼክ ኢን መስኮት ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሣል፤ ትኬቱ እንደተገዛ ቢታይ ግን በቀላሉ ይታረማል።

ማሩ ለምን ተወሰደ?

የኢሉባቦር ሰው ባዶ እጁን ዘመድ ቤት አይሄድም። ማር በላስቲክ ማሰሮ፣ ቅቤ በጣሳ፣ ቡና በጆንያ ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ለንደን ላይ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላን ለማፈንዳት የተጠነሰሰ ሴራ ከተደረሰበት ወዲህ ግን በዓለም አቀፍ በረራ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚል ደንብ በአብዛኛው ዓለም ሲሠራበት ቆይቷል። ለፈታሹ ማርም ፈሳሽ ነው፤ የለሰለሰ ቅቤም እንደዚያው። እናት ከጫካ ቀፎ ያስቆረጠችው ማር ፍተሻው ጠረጴዛ ላይ ሲቀር የሚያሳዝነው ፈታሹንም ጭምር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክዳኑን በፕላስተር አጥብቆ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ መሃል መክተት። የሚደርሱበት አገር ጉምሩክ እንዲህ ያለ ምግብ እንዲገባ መፍቀዱንም ቀድሞ መጠየቅ ነው።

በኪው 400 ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ነው። በትልቁ አውሮፕላን የሚገባው ሻንጣ እዚህ ላይገባ ስለሚችል ገንዘብን፣ መድኃኒትንና ሰነድን ትንሽ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ይበጃል።

ሻንጣ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ከአየር ማረፊያው ሳይወጡ ማስመዝገብ፣ የምዝገባውን ወረቀትና ሻንጣው ላይ ከተለጠፈው ቁጥር የተቀደደችውን ቁራጭ መያዝ ያስፈልጋል። በ1999 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በሚገዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች ለተጎዳ ሻንጣ ሻንጣውን በተረከቡ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግድ ነው። ቤቱ ገብቶ “ነገ እሄዳለሁ” እያለ የሚያሳድር ሰው መብቱን በገዛ እጁ ያጣል።

ከበሩ ውጭ ያለው ሰው

በእኛ አገር አንድ ሰው ሲሄድ ቤተሰብ በሙሉ ይሸኛል። ቦሌ ላይ ግን ሸኚ ከበር መልስ ነው። ስለዚህ ለሸኚና ለተቀባይ ጥላ፣ አግዳሚ ወንበርና ውሃ የሌለው አየር ማረፊያ ግማሽ ደንበኛውን ረስቷል። ዝናብ በማይጠፋበት በጎሬና በመቱ አካባቢ ደግሞ ከተርሚናሉ እስከ መኪና ማቆሚያው፣ ከተቻለም እስከ አውሮፕላኑ መሰላል የሚደርስ ጣሪያ ቅንጦት አይደለም።

ከመቱ ካርል ሆስፒታል ለበለጠ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሕመምተኛ ይኖራል። ትናንሽ አየር ማረፊያዎች በአብዛኛው አውሮፕላኑን ከሕንፃው ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ስለሌላቸው መሳፈሪያው መሰላል ነው። ቤተሰቡ ትኬት ሲቆርጥ ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚያስፈልግ ካስመዘገበ ሠራተኞቹ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ በዕለቱ ቢጠየቅ ግን ግርግር ነው።

የወረደው መንገደኛስ? አየር ማረፊያ ሜዳ ስለሚፈልግ ከከተማ ወጣ ብሎ ይሠራል። በበረራ ሰዓት አባዱላ ወይም ባጃጅ በተራ የማይቆምበት፣ ዋጋው ያልተለጠፈበት ከሆነ በአየር የተረፈው ሰዓት በር ላይ በክርክር ያልቃል። ዋጋው በሰሌዳ ከተጻፈ እንግዳውም አይበዘበዝ፣ ሾፌሩም አይታማ።

አዲስ አየር ማረፊያ የሚገመገመው በምረቃው ቀን አይደለም፤ ክረምት ገብቶ በረራ ሲዘገይ ነው። የኢሉባቦር ሰው አውቶቡስ ላይ ቀን ሙሉ መቀመጥን የለመደ ስለሆነ ትዕግሥት አያንሰውም። ምክንያቱ ከተነገረው፣ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታና ንጹሕ ሽንት ቤት ካገኘ፣ ሲወርድም የሚያሳፍረው መኪና ከጠበቀው በትንሽ ተርሚናልም አመስግኖ ይሄዳል። እነዚህ ደግሞ ከመንደርደሪያው አስፋልት እጅግ ያነሰ ወጪ የሚጠይቁ ናቸው።