ያረጀ ኤር ሰስፔንሽን እንዴት ይታደሳል?

ማታ ቀጥ ብላ የቆመች አሮጌ ሬንጅ ሮቨር ጠዋት ሲያዩዋት ወገቧ ወርዶ፣ ጎማዎቿ በፓራፋንጎው ውስጥ ተሸጉጠው ትገኛለች። ቁልፉ ሲዞር ኮምፕሬሰሩ ያጉረመርማል፤ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ መኪናዋ ግን አትነሳም። ዳሽቦርዱ ላይ ብልሽት መኖሩንና በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መንዳት እንደማይገባ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይበራል። ብዙ ባለቤቶች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው፤ በሞላ ፋንታ መኪናዋን የሚሸከሙትን የአየር ከረጢቶች አስነቅለው በብረት ሞላ ያስተካሉ፣ ወይም መኪናዋን በርካሽ ይሸጣሉ። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ለውድቀቷ ምክንያት የሆነው ብዙውን ጊዜ ከጣት ቀለበት ያነሰ ጎሚኒ ነውና።

ሬንጅ ሮቨር በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ስትቀርብ በብረት ሞላ ላይ የተቀመጠች ነበረች። በኮምፒውተር የሚታዘዘው ኤር ሰስፔንሽን የገባላት በ1992፣ ረጅሟ ቮግ ኤልኤስኢ ስትወጣ ነው። በ1994 የተካቻት ፒ38ኤ ደግሞ ያንኑ አሠራር አሻሽላ ይዛ መጣች። ዛሬ በእድሳት ሰዎች ዘንድ በብዛት የምትነሳው ይህችኛዋ ናት። ተሳፋሪ ሲገባና ሲወጣ ከመደበኛው ከፍታዋ 65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ በአስቸጋሪ መንገድ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ ቆይታ ደግሞ ነፋሱን ለመቀነስ በራሷ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ትወርዳለች።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? የብረት ሞላ ጥንካሬ ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ነው። ለባዶ መኪና እንዲመች የተሠራ ሞላ አምስት ሰውና ሙሉ ጓዝ ሲጫንበት ይሟሽሻል። ለሙሉ ጭነት የተሠራው በበኩሉ ባዶውን ሲነዳ ያንገጫግጫል። የታመቀ አየር ጠባይ ግን ሌላ ነው። ሮበርት ቦይል በ1662 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ አየር የያዘው ቦታ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከረጢቱ በተጨቆነ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። ጭነት ሲጨመር ኮምፒውተሩ ተጨማሪ አየር እያስገባ መኪናዋን ወደ ቀድሞ ከፍታዋ ይመልሳታል፤ ግፊቱ ስለጨመረም የከረጢቱ ጥንካሬ ከክብደቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ባዶም ሆነች ሙሉ፣ መኪናዋ ወደ ላይና ወደ ታች የምትናጥበት ፍጥነት እምብዛም አይለወጥም። የምቾቱ ምሥጢር ይኸው ነው፤ የተለመደው የብረት ሞላ ይህን አያደርግም።

አሠራሩ ሲታይ ያስፈራል እንጂ ውስብስብ አይደለም። ኮምፕሬሰሩ አየሩን እስከ 10 ባር ገደማ አምቆ ወደ አንድ የብረት ታንክ ይልካል። ከታንኩ የሚወጣው አየር በኤሌክትሪክ በሚከፈቱና በሚዘጉ ቫልቮች አልፎ፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው የናይለን ቱቦዎች ወደ አራቱ ከረጢቶች ይደርሳል። በየጎማው ያለው የከፍታ ሴንሰር መኪናዋ ምን ያህል ከፍ ብላ እንደቆመች ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። በየመጋጠሚያው አየሩን አግተው የያዙት ጎሚኒዎች ናቸው፤ ዘመን የሚያሸንፈውም እነሱኑ ነው። ጎሚኒ ለዓመታት በአንድ ቦታ ተጨቁኖ ሲኖር ወደ ቀድሞ ቅርጹ የመመለስ አቅሙን ያጣል፤ ድቡልቡል የነበረው ቀለበት ጠፍጣፋ ይሆናል። ሙቀትም ያደርቀዋል። የከረጢቱ ላስቲክ ደግሞ በአየር ውስጥ ባለው ኦዞን ይጠቃል፤ ስንጥቁ የሚጀምረውም ላስቲኩ በሚለጠጥበትና በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው።

ጋራዥ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚሠራው ስህተት ኮምፕሬሰሩን ቀድሞ መቀየር ነው። ኮምፕሬሰሩ ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። የተነደፈው ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ እንዲያርፍ ነው። የሆነ ቦታ አየር ሲያፈተልክ ግን የፈሰሰውን ለመተካት ያለ ዕረፍት ይሠራል። አየር ሲታመቅ ስለሚግል፣ የፒስተኑን ጠርዝ የሚዘጋው ያለ ዘይት የሚሠራ ቴፍሎን ማሸጊያ በሙቀትና በፍትጊያ ይሳሳል። በመጨረሻም ሞተሩ እየዞረ ግፊት የማይሰጥበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ፍሳሹ ሳይደፈን አዲስ ኮምፕሬሰር የገዛ ሰው ገንዘቡን ለዚያው ሞት ከፍሏል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ጫናው ይብሳል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ኮምፕሬሰሩ በየምቱ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ታንኩን ለመሙላትም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል።

እንግዲህ እድሳት ፍሳሽን ከማደን ይጀምራል። መሣሪያው የሳሙና ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ነው። መኪናዋ ወደ ከፍተኛው ቦታዋ እንድትወጣ ተደርጋ ሻንሲዋ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ፣ ከረጢቱ የሚታጠፍበት ክፍል ይገለጣል፤ በመደበኛው ከፍታ የማይታየው ይህ ክፍል ነው። ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ላይ ሳሙናው ሲረጭ መጀመሪያ ምንም የለም፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ነጭ አረፋ እያበጠ ይመጣል። የቱቦዎቹ መጋጠሚያም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል። እዚያ የሚያፈስ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቱቦው ጫፍ መጫሩ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ መልሶ መክተት ይበቃል።

እዚህ ላይ ጀማሪውን መካኒክ የሚያሳስት ነገር አለ። ፒ38ኤ ቆማ ሳለች እንኳ ኮምፒውተሯ በየተወሰነ ሰዓት ነቅቶ አራቱን ማዕዘን ያስተካክላል። አንዱ ጎማ አየር አፍስሶ ዝቅ ካለ፣ ሌሎቹን ሦስቱን ከእሱ እኩል ያወርዳቸዋል። ጠዋት አራቱም ወርደው ሲገኙ አራቱም የተበላሹ ይመስላሉ፤ እውነቱ ግን ጥፋተኛው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ማስተካከያ የሚቀሰቅሰውን ሪሌ ነቅሎ ማሳደር ነው መፍትሔው። በማግስቱ የወደቀው ማዕዘን ብቻውን ራሱን ያጋልጣል።

ከረጢቶቹና ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ሳጥኑ ይዞራል። ኮፈን ሥር ያለው ይህ ሳጥን ተፈትቶ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረዘር፣ የደረቁት ቀለበቶች አንድ በአንድ እየወጡ በአዲስ ይተካሉ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በብረት መንጠቆ የተጫረ ጎድጓዳ አዲሱን ቀለበትም አያሽግም። ቀለበቶቹ ከመግባታቸው በፊት ስስ የሲሊኮን ቅባት ይነካቸዋል። የኮምፕሬሰሩ ማሸጊያም ለብቻው ስለሚሸጥ፣ ሞተሩ ደህና እስከሆነ ድረስ ኮምፕሬሰሩን በሙሉ መግዛት አያሻም።

የእርጥበት ማድረቂያውን ብዙዎች ይረሱታል። አየር አሥር ጊዜ ሲታመቅ በውስጡ የነበረው እንፋሎትም አብሮ ይታመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። ውሃው ታንኩን ያዝጋል፣ ቫልቮቹን ያጣብቃል። ስለዚህ አየሩ የሲሊካ ጄል እንክብሎች በታጨቁበት ዕቃ ውስጥ ያልፋል። መኪናዋ ዝቅ ስትል የሚወጣው ደረቅ አየር በዚያው ተመልሶ እንክብሎቹን ያደርቃቸዋል። ከዓመታት በኋላ ግን እንክብሎቹ ዱቄት ይሆናሉ፤ ዱቄቱም የታደሰውን ቫልቭ መልሶ ያበላሸዋል። ቫልቭ አድሶ ማድረቂያውን መተው ሥራውን በግማሽ ማቆም ነው።

የከፍታ ሴንሰሮች በመልቲሜትር ይፈተሻሉ፤ ክንዱ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ንባቡ መዝለል የለበትም። በመጨረሻም መኪናዋ በልክ በተቆረጡ ድጋፎች ላይ እንድታርፍ ተደርጋ፣ የየከፍታው ንባብ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይመዘገባል። አንዴ የተመዘገበ ከባድ ብልሽት በፒ38ኤ ላይ በራሱ አይጠፋም፤ በላፕቶፕ ወይም በመመርመሪያ መሣሪያ ካልተሰረዘ የታደሰችው መኪና እንኳ ልትነሳ አትችልም።

ወደ ብረት ሞላ መዞር አዲስ ነገር አይደለም። የ1957ቱ ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮም ኤር ሰስፔንሽን ስላስቸገረ ብዙዎቹ ወደ ብረት ሞላ ተቀይረዋል። መለዋወጫ በማይደርስበት ቦታ ለሚነዳ ሰው ይህ ምርጫ ነውር የለበትም። መለዋወጫ ለሚያገኝ ግን ሞላ መትከል መኪናዋ የተሠራችበትን ዋና ነገር መንቀል ነው፤ ከፍታ መቀየርም፣ ጭነትን ተከትሎ መስተካከልም አብረው ይሄዳሉ።

ለሚሞክር ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ በአየር ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አይገባም። አንድ ቱቦ ቢነቀል ሁለት ቶን የሚመዝን ብረት በቅጽበት ይወርዳል። ክሪክም ብቻውን አይታመንም፤ ሻንሲው በድጋፍ መያዝ፣ አየሩም ማንኛውም መጋጠሚያ ከመፈታቱ በፊት መውጣት አለበት። እንዲህ ያለች መኪና ለመግዛት ያሰበም ከመዋዋሉ በፊት አንድ ሌሊት ያሳድራት፤ ማታና ጠዋት ከአራቱም ጎማዎች መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ ያስተያይ።