ከዓይን ሥር የሚታየው ጥቁረት፤ ጾሙ ነው ወይስ የእንቅልፍ እጦት?



ረመዳን ሲጋመስ ከዓስር ሶላት በኋላ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ይለወጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምንጠየቀው ስለ ኒያ፣ ስለ ሱሁር ሰዓትና ስለ መርፌ ነው። ከአሥራ አምስተኛው ቀን ወዲህ ግን ሰው ስለ ገላው መጠየቅ ይጀምራል። «ሸኽ፣ ባለቤቴ ከዓይኗ ሥር ጠቁራለች፤ ጾሙ ከበዳት እንዴ?» የሚል አባወራ አለ። ለዓይን ሥር የሚቀባ ክሬም ጾም ያበላሽ እንደሆነ በልጇ ልካ የምታስጠይቅ እህት አለች። ስለ ኩልም የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ዛሬ በዚህ ገጽ ሰፋ አድርገን ልናየው ወደድን።

በፊቅሁ እንጀምር፤ አጭር ነውና። ቆዳ ላይ የሚቀባ ክሬምም ሆነ ቫዝሊን ጾም አያበላሽም። ኩልንና የዓይን ጠብታን በተመለከተ የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀቦች ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ ቢሰማ እንኳ ጾሙ አይፈርስም ይላሉ። የማሊኪይና የሐንበሊይ ዑለማዎች ደግሞ ጉሮሮ ከደረሰ ያበላሻል ስለሚሉ፣ ልቡ እንዲረጋ የሚፈልግ ሰው ከኢፍጣር በኋላ ቢጠቀም ይቀለዋል። ሐኪም ሰዓት ወስኖ ያዘዘውን ጠብታ ግን በጾም ሰበብ ማቋረጥ አይገባም።

ወደ ጥቁረቱ እንለፍ። ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ከገላችን ሁሉ ስስ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከሥሩ ያለው ስብም እጅግ ጥቂት ስለሆነ የደም ሥሮቹን ቀለም እንደ ስስ ሻሽ ወደ ውጭ ያሳያል። እንቅልፍ ሲያንስ ፊት ይገረጣል፣ ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ የዓይን ሥር ያብጣል፤ ያን ጊዜ ጥቁረቱ ይጎላል። ይህ አንደኛው ዓይነት ነው። ሁለተኛው የቆዳው የራሱ ቀለም፣ ሐኪሞች ሜላኒን የሚሉት፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲበዛ የሚመጣው ነው። ከእናት ከአባት ይወረሳል፤ እንደኛ ጠይምና ጥቁር በሆነ ሕዝብ ላይ ይበዛል። ሦስተኛው ደግሞ ጥቁረት ሳይሆን ጥላ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የጉንጭ ሥጋ ወረድ ይልና ከዓይን ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ ይፈጠራል።

የትኛው እንደሆነ ለመገመት መስታወት ይዞ መስኮት አጠገብ መቆም ይበቃል። ፊትን ወደ ብርሃኑ ቀና ሲያደርጉት ከጠፋ ጥላ ነው። ቆዳውን በጣት ቀስ አድርገው ወደ ጎን ሲስቡት ቡናማው እንደነበረ ከቀረ የቆዳው ቀለም ነው። ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ካደላ የደም ሥሩ ነው። ብዙ ሰው ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተደባልቀው ይገኛሉ። በዘር የመጣውን እንቅልፍም ሆነ ዱባ ልጣጭ አያጠፋውም፤ አላህ የሰጠን መልክ ስለሆነ ሊያሳፍር አይገባም።

በረመዳን የሚብሰው እንግዲህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ተጠያቂው ግን ረሃቡ አይደለም። በአገራችን ቀንና ሌሊት ተቀራራቢ ስለሆኑ ጾሙ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ነው፤ ከመግሪብ እስከ ሱብሂ ውሃ ለመጠጣት በቂ ጊዜ አለ። የጠፋው እንቅልፍ ነው። በቤቱም ውስጥ ሁሉም እኩል አያጣውም።

የአንዲትን እናት ሌሊት እንቁጠር። ኢፍጣር ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ተራዊህ ተሰግዶ ሲያበቃ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ልጆች አስተኝታ፣ ለሱሁር የሚሆነውን አሰናድታ ጎኗን የምታሳርፈው 5 ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች። አባወራውና ልጆቹ የሚቀሰቀሱት ምግቡ ከቀረበ በኋላ ነው። ከሱብሂ በኋላ እነርሱ ጋደም ሲሉ እርሷ የተማሪ ልጆች ቁርስ ትሠራለች። ከዙሁር በኋላ ሾርባው ይጣዳል፣ ሳምቡሳው ይጠቀለላል። ለአዋቂ ሰው ሐኪሞች ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ፤ እርሷ ያገኘችው 4 ሰዓት ነው። በቀን 3 ሰዓት የጎደለው በ30 ቀን 90 ሰዓት ይሆናል። «ጾሙ ከበዳት እንዴ?» ብሎ ለሚጠይቀን ወንድም የምንመልስለት ይህንን ቁጥር ነው። የከበዳት ጾሙ ሳይሆን ማዕድ ቤቱ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ ይወጡ እንደነበር ተናግረዋል። ይህ ሐዲስ ቡኻሪ ዘንድ ያለ ነው። ሱናን በልብስና በጺም ብቻ የምንፈልግ ወንዶች የሱሁርን ድስት ማሞቅና ዕቃ ማጠብም እዚያው ሱና ውስጥ እንዳለ ብናስብ ጥሩ ነው። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ስልኩ ላይ ሰዓት ሞልቶ፣ ከእናቱ ቀድሞ ተነስቶ፣ ቴምርና እርጎ አቅርቦ፣ ሻይ ማፍላት ይችላል። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ቢሆን።

ሌላም ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ሱሁርን ማዘግየት ሱና ነው። ሰሃባው ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) ከነብዩ ጋር ሱሁር በልተው ወደ ሶላት ሲሄዱ በመካከሉ የነበረው ጊዜ ሃምሳ አንቀጽ የሚያስቀራ ያህል እንደነበር አስተላልፈዋል። ሱብሂ 11 ሰዓት አለፍ ሲል በሚገባበት ወቅት ከሌሊቱ 9 ሰዓት መነሳት ምን ያደርጋል? ምግቡ ቀደም ብሎ ከተሠራ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ይበቃል። አንድ ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ተገኘ፤ ሱናውም ተጠበቀ። ሱሁር ደግሞ ድግስ መሆን የለበትም። ገንፎ፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ቴምር፣ ከዚያ ውሃ። ጨው የበዛበት ምግብ ጠዋት የዓይንን ሥር ስለሚያሳብጥ ቢቀነስ ይመረጣል።

ከዙሁር በኋላ ያለችው አጭር እንቅልፍ፣ ቀይሉላ የምንላት፣ ደጋግ ቀደምቶቻችን የሚጠብቋት ነበረች። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ብዙ ትጠግናለች። ለእናት ይህ የሚሆነው ግን ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ሲኖር ነው። ማታም እንዲሁ፤ ነብዩ ከኢሻ በኋላ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ የእኛ ቤቶች ግን ከተራዊህ በኋላ ነው ቴሌቪዥኑ የሚደምቀው። ጫትን በተመለከተ ደጋግመን ስለተናገርን ብዙ አንልም። እንቅልፍ እንደሚያባርር የሚቅመው ሰው ራሱ ያውቃል፤ የሚቅመውም ለዚሁ ነው። ቡና ከተራዊህ በፊት ቢሆን እንኳ ጉልበቱ ለሰዓታት ገላ ውስጥ ስለሚቆይ ከአንድ ስኒ ባይዘል ይሻላል።

አንዳንድ ወጣቶች የዓይን ሥር ጥቁረትን የሌሊት ኢባዳ ማስረጃ አድርገው ይመለከቱታል። በሱረቱል ፈትሕ መጨረሻ ላይ ስለ ሱጁድ ምልክት የተወሳውን ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ታላቁ የተፍሲር ሊቅ ሙጃሂድ ግን ምልክቱን ኹሹዕ ነው ብለው ነው የፈሰሩት፤ ፊት ላይ የሚታየው ጠባሳማ ልቡ እንደ ፊርዓውን የደነደነ ሰው ላይም ሊኖር ይችላል ብለዋል። ቀን ሁሉ እየጾመ ሌሊቱን ሁሉ ይሰግድ ለነበረው ለዐብደላህ ኢብኑ ዐምርም ነብዩ ገላውና ዓይኑ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነግረውታል። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች መትጋት የፈለገ ሰው እንግዲህ ከቀኑ ላይ እንቅልፉን ይውሰድ፤ መሥሪያ ቤትና መኪና ላይ ሆኖ የሚያንቀላፋ ሰው ሌላውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ዒድ ሲቃረብ እህቶቻችን ጥቁረቱን በፍጥነት የሚያጠፋ ክሬም ፍለጋ ገበያ ይወጣሉ። ስሙ በማይነበብ ብልቃጥ ከሚሸጡት ማቅያዎች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ኩላሊት ይጎዳል። አንዳንዶቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ያን ስስ ቆዳ ይበልጥ ያሳሱታል፣ ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡም ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያመጡ ይችላሉ። ሃይድሮኩዊኖን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ሲበዛ ቆዳውን መልሶ ያጠቁራል። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ዓይን ላይ ማኖር ያበጠውን ያረግባል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ኩል ሱና አይደለም ወይ ለሚሉን፣ በሐዲስ የተመሰገነው ኢሥሚድ የሚባለው ነው። ገበያ ላይ «ኩል» ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር ዱቄት ግን ብዙ ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ነው። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባልና። ምንነቱ ያልታወቀ ኩል ሕፃን ዓይን ላይ መኳል እንዲቀር አጥብቀን እንለምናለን።

ማሸትም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ከውዱእ በኋላ ፊትን በሻካራ ፎጣ መፈተግ፣ በዱዓ ላይ ያለቀሰ ዓይንን በሻሽ ማሸት ቆዳውን ያጠቁረዋል፤ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። ልጅ ዓይኑን ደጋግሞ የሚያሽ፣ አፍንጫው የሚያሳክከው፣ የዓይኑ ሥርም የጠቆረ ከሆነ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ማሳየት ነው። በአንድ ዓይን ሥር ብቻ በድንገት የመጣ ጥቁረት ወይም እብጠትም እንዲሁ።

ከጥቁረቱ ጋር ደረጃ ስትወጣ የምትደክም፣ ልቧ የሚመታ፣ የዓይን ሽፋኗ ውስጡ የነጣ እህት የደም ማነስ ሊኖርባት ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ላይ ይበዛል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ጥቂት ደም ነው የሚወሰደው፣ ይህም ጾም አያበላሽም። ሻይና ቡናን ከምግብ ጋር መጠጣት ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ ኢፍጣር ላይ ምስርና ጎመን ከተበላ ሻዩ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ። ሐኪም ጾሙ ይጎዳሻል ካላት አላህ ለታመመ ሰው በሱረቱል በቀራ የሰጠው ፈቃድ አለላት። አፍጥራ ትታከም፤ ቀዳውን ከዳነች በኋላ፣ እስከሚቀጥለው ረመዳን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በቻለችው ቀን አንድ በአንድ ትጹመው።