እንዴት ይሠራል? የማዕድን አክሲዮንን በአሥር ዓመት ትርፉ መመዘን

ስልክዎ ላይ የአክሲዮን ዋጋ የሚያሳየውን መተግበሪያ ይክፈቱ። አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ፣ ከደመወዝዎ እየተቆረጠ «ፎር ኦ ዋን ኬ» ውስጥ የሚገባው የጡረታ ገንዘብ እርስዎ ልብ ሳይሉት የማዕድን ኩባንያ አክሲዮን ገዝቶልዎት ይሆናል። ከኩባንያው ዋጋ ሥር «ፒ ኢ» የተባለ ትንሽ ቁጥር አለ። ዛሬ ፈትተን የምናየው እሱን ነው።

ቁጥሩ የሚወጣው በአንድ ማካፈል ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ ለአንድ ዓመት ትርፉ ይካፈላል። መልሱ 5 ከሆነ፣ ኩባንያው በዓመት ለሚያገኘው ለእያንዳንዱ 1 ዶላር ትርፍ 5 ዶላር ይጠየቃሉ። 25 ከሆነ 25 ይጠየቃሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ሰው «ረከሰ» ይላል።

ሳሙና ለሚሸጥ ኩባንያ ስሌቱ ደህና ያገለግላል። ሰው አምናም ታጥቧል፣ ዘንድሮም ይታጠባል፤ ትርፉ ከዓመት ዓመት ብዙ አይራራቅም። ማዕድን አውጪ ላይ ሲሆን ግን ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቁጥሩ እጅግ ባማረበት ጊዜ ነው። ምክንያቱን ለማየት ወረቀትና እርሳስ ይያዙ።

አንድ ቶን የብረት ማዕድን ቆፍሮ፣ በባቡር ወደብ አድርሶ መርከብ ላይ ለመጫን 30 ዶላር ይፈጃል እንበል። ገበያው 60 ዶላር ሲከፍል ትርፉ 30 ነው። አሁን ዋጋውን እጥፍ ያድርጉት፤ 120። ወጪው ያው 30 ስለሆነ ትርፉ 90 ይሆናል። ዋጋው በሁለት ሲባዛ ትርፉ በሦስት ተባዛ ማለት ነው።

ቀጥለው ዋጋውን ወደ 35 ያውርዱት። ትርፉ 5 ዶላር ቀረ። መቆፈሪያው፣ ባቡሩ፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዳለ ነው። የተለወጠው ኩባንያው ሊወስነው የማይችለው የገበያ ዋጋ ብቻ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። ሪዮ ቲንቶ የተባለው ኩባንያ በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ በሚባል ቀይ አፈር ባለው አካባቢ የብረት ማዕድን ይቆፍራል፤ አብዛኛውን የምትገዛው ቻይና ናት። በ2015 መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የአንድ ቶን ዋጋ ከ40 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በግንቦት 2021 ከ230 ዶላር በላይ ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ከ100 በታች ተመለሰ።

የቡና ማሳ ለዓመታት በኮንትራት ሊይዝ የሚሄድ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ቡና አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል፣ በሚቀጥለው ያርፋል፤ የዓለም ገበያ ዋጋም እንዲሁ ይወጣል፣ ይወርዳል። ባለማሳው የሚጠራው የዘንድሮውን ምርት ነው። ብልህ ኮንትራት ያዥ ግን ጎረቤት ጠይቆ፣ ክፉውንም ደጉንም ዓመት ደማምሮ ያካፍላል። ያረፈበትን ዓመት አያወጣም፣ ያፈራበትንም ብቻውን አይቆጥርም።

በአክሲዮን ገበያ ይህንኑ አድርጉ ብለው በ1934 የጻፉት ቤንጃሚን ግራሃምና ዴቪድ ዶድ ናቸው። ትርፍን ቢያንስ የአምስት፣ ቢቻል የሰባት ወይም የአሥር ዓመት አማካይ አድርጎ መመልከት ይሻላል አሉ። በ1988 ጆን ካምቤልና ሮበርት ሺለር አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ያለፉት ዓመታት ትርፍ ከመደመሩ በፊት በዋጋ ግሽበት ይስተካከል የሚል ነው። ዋጋውን ለዚህ የተስተካከለ አማካይ የሚያካፍለው፣ ዛሬ «ኬፕ» የሚባለው ቁጥር ከዚያ መጣ። ሺለር በ2013 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው።

አሁን ሙከራውን እንሥራ። የኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርቶች ድረ ገጹ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ለዛሬ ግን የሪዮ ቲንቶን የተጣራ ትርፍ በቢሊዮን ዶላር ልንገርዎት፤ አንድ በአንድ ወደ ታች ይጻፉ። 2012 ኪሳራ 3.0፤ 2013 ትርፍ 3.7፤ 2014 6.5፤ 2015 ኪሳራ 0.9፤ 2016 ትርፍ 4.6፤ 2017 8.8፤ 2018 13.6፤ 2019 8.0፤ 2020 9.8፤ 2021 21.1።

የመጨረሻውን መስመር በጣትዎ ይሸፍኑት። የዘጠኙ ዓመት አማካይ 5.7 ቢሊዮን ነው። ጣትዎን ያንሱ፤ የአሥሩ ዓመት አማካይ 7.2 ሆነ። አንድ ዓመት ብቻውን አማካዩን ከሩብ በላይ ገፋው።

በ2021 መጨረሻ ገበያው ለሪዮ ቲንቶ የሰጠው ዋጋ ከ100 ቢሊዮን ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ያን ለ21.1 ሲያካፍሉት 5 ገደማ ይመጣል። ያኔ ስልክ ላይ የሚታየው ይህ ነበር፤ ሲያዩት እጅግ ርካሽ ነው። ዋጋው በግሽበት ለተስተካከለው የአሥር ዓመት አማካይ ሲካፈል ግን 14 ገደማ ይሆናል። የተጋነነ ዋጋ አይደለም፣ በዚያ ቀን ግን ቅናሽ ሽያጭ አልነበረም።

እኔን ደጋግሞ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ያ 5 የገበያው ጥርጣሬ ነው። ገዢዎች 21 ቢሊዮኑ እንደማይደገም ስለገመቱ ነበር ከአምስት እጥፍ በላይ ለመክፈል እምቢ ያሉት። ግምታቸውም ትክክል ነበር፤ በ2022 ትርፉ 12.4፣ በ2023 ደግሞ 10.1 ቢሊዮን ሆነ። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ገበያው ተሳስቷል፣ እኔ አገኘሁት» ያለ ሰው ሌሎቹ ቀድመው ያሰቡትን አላሰበም።

መስተዋቱን አዙረን በ2016 መጀመሪያ ላይ እንቁም። የብረት ማዕድን ዋጋ ወድቋል፤ ኩባንያው የ2015 ዓመትን በኪሳራ ዘግቷል። ኪሳራ ላይ «ፒ ኢ» የሚሠራው ነገር የለም፤ መተግበሪያው ባዶ መስመር ያሳይዎታል። ገበያው ኩባንያውን በ45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይሸጣል። ከ2006 እስከ 2015 ያለው ትርፍ በግሽበት ሲስተካከል አማካዩ በዓመት 5.4 ቢሊዮን ገደማ ነው። ያካፍሉት፤ 8 ገደማ።

አንደኛው መለኪያ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ተናገረ። ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ የአክሲዮኑ ዋጋ በለንደን ገበያ እጥፍ ሆነ። ስሌቱ ግን ይህ መቼ እንደሚሆን አልነገረንም፤ ዋጋው ሦስት ዓመት እዚያው ተኝቶ ቢቆይም የዚያ ቀኑ ቁጥር ያው 8 ይሆን ነበር።

ወደ ግሽበቱ እንምጣ። እዚህ ላይ የገዛ ደመወዝዎን መሞከሪያ ያድርጉት። የዛሬ አሥር ዓመት የወር ደመወዝዎ ስንት ነበር? በዚያ ገንዘብ ያኔ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛ ነበር? የዛሬውን ደመወዝዎን በዛሬው የጤፍ ዋጋ አካፍለው ያወዳድሩ። ሁለቱን ደመወዞች እንዳሉ ደምረው ለሁለት ቢያካፍሉ የሚመጣው ብር የየትኛው ዓመት ብር ነው? የማንኛውም አይደለም።

የኩባንያ ትርፍም እንዲሁ ነው። ሪዮ ቲንቶ ሒሳቡን የሚያቀርበው በአሜሪካ ዶላር ስለሆነ፣ በጤፍ ፋንታ የአሜሪካን የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ እንጠቀማለን። የ2012 አማካይ 229.6 ነው፤ የ2021 ደግሞ 271። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍሉ፤ 1.18። ስለዚህ የ2012 ኪሳራ 3.0 በ1.18 ተባዝቶ በ2021 ዶላር 3.5 ይሆናል። የየዓመቱን እንዲህ እያባዙ ሲደምሩ 7.2 የነበረው አማካይ 7.7 ይሆናል።

ልዩነቱ ትንሽ መሰለ? በዶላር እውነትም ትንሽ ነው። በብር ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በእኛ አቆጣጠር በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። ወደፊት እዚያ ገበያ ላይ የማንኛውንም ኩባንያ የአሥር ዓመት ትርፍ የሚደምር ሰው፣ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ግሽበት የታየበት ጊዜ አብሮ እንደሚደመር ማስታወስ አለበት። ሳይስተካከል የተደመረ አማካይ ኩባንያው ቆሞ ሳለ ያደገ ያስመስለዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ኩባንያዎች ከተጣራው ትርፍ ጎን ሁለተኛ የትርፍ ቁጥር ያትማሉ። «አንዴ ብቻ ያጋጠሙ» የሚሏቸውን ነገሮች አውጥተው የሚያሰሉት ነው። ሪዮ ቲንቶ በ2012 በዚህኛው ቁጥር የ9.3 ቢሊዮን ትርፍ አለው፤ በተጣራው ግን የ3 ቢሊዮን ኪሳራ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ኩባንያው በ2007 አልካን የተባለውን የካናዳ አሉሚኒየም አምራች በ38.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። የአሉሚኒየም ዋጋ ወደቀ። በሞዛምቢክ የገዛው የድንጋይ ከሰል ማዕድንም እንደታሰበው አልሆነም። በጥር 2013 ከንብረቶቹ ዋጋ ላይ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቶም አልባኒዝም ያኔ ለቀቀ።

የሒሳብ ሰዎች «ይህ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፣ በዚያ ዓመት ከካዝና የወጣ ነገር የለም» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ገንዘቡ የወጣው በ2007 ነው። የወጣው ግን ከባለአክሲዮኑ ኪስ ነው። በገዙበት ዓመት ወጪ ተብሎ አልተቆጠረም፣ ሲከስርም «አንዴ ያጋጠመ ነው» ተብሎ ከወጣ ታዲያ መቼ ሊቆጠር ነው?

ልዩነቱን ራስዎ ይደምሩት። ከ2012 እስከ 2021 ሁለተኛው፣ ያሳመሩት ቁጥር ሲደመር 100 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የተጣራው 72። አንዴ ብቻ እየተባለ በአሥር ዓመት ውስጥ 28 ቢሊዮን ዶላር ጠፋ። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የተጣራውን እወስዳለሁ፤ ኪሳራውን ከነምልክቱ አስገባለሁ። ደስ የሚለውንም ጭምር፤ የ2018ቱ 13.6 ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማዕድኖችንና በኢንዶኔዥያ ግራስበርግ የነበረውን ድርሻ ሸጦ ያገኘው ትርፍ አለበት። ማዕድን መግዛትና መሸጥ የዚህ ሥራ አካል ነው።

አንድ ማስተካከያ ደግሞ አለ። እኔ ለማቅለል ጠቅላላውን ትርፍ ደመርኩ፤ እርስዎ ለራስዎ ሲሠሩ የአንድ አክሲዮንን ትርፍ ይውሰዱ። ሪዮ ቲንቶ ለአልካን ሲል የተሸከመው ዕዳ ስለከበደው በ2009 አዳዲስ አክሲዮኖች ሸጦ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። ትርፉ ባይለወጥ እንኳ የሚካፈሉት በዝተዋል።

መለኪያው የማይደርስበት ቦታም አለ። ሺለርና ካምቤል የሠሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎችን ለያዘው ለጠቅላላው የአሜሪካ ገበያ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካዋል። ነጠላ ማዕድን አውጪ ላይ አሥር ዓመት ሊያጥር ይችላል። ቻይና ከተማና ባቡር ሐዲድ በፍጥነት የምትገነባበት ዘመን ከ2000ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2011 ቆየ። በ2011 ወደኋላ አሥር ዓመት የቆጠረ ሰው በአብዛኛው ያገኘው የጥጋቡን ዘመን ነው፤ አማካዩ ክፉ ቀን ምን እንደሚመስል አያውቅም። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲገባዎ አሥራ አምስት ዓመት ይቁጠሩ።

ከሁሉ የሚብሰው ማዕድን የሚያልቅ መሆኑ ነው። ያለፈው አሥር ዓመት የተቆፈረው አፈር አንዴ ሄዷል። ስለዚህ ከዓመታዊ ሪፖርቱ የክምችቱን ሠንጠረዥ ይፈልጉና የተረጋገጠውን ክምችት ለዓመታዊ ምርቱ ያካፍሉ። ሰላሳ ዓመት ከወጣ፣ የኋላው አሥር ዓመት ስለፊቱ የሚናገረው ነገር አለው። ስድስት ዓመት ከወጣ፣ አማካዩን ያስቀምጡት፤ የሚገዙት ስድስት ዓመት ብቻ ነው።

ገና ማምረት ያልጀመረ ኩባንያ ላይ ደግሞ ስሌቱ ከነጭራሹ አይነሳም። በለንደን ገበያ የተመዘገበው ኬፊ፣ ምዕራብ ወለጋ ላይ የቱሉ ካፒን ወርቅ ለማውጣት ለብዙ ዓመታት ሲዘጋጅ ቆይቷል፤ የሚደመር የአሥር ዓመት ትርፍ ግን የለውም። እዚያ ላይ ጥያቄዎቹ ሌሎች ናቸው፤ አንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ስንት ግራም ወርቅ አለ፣ አንድ ወቄት ለማውጣት ስንት ዶላር ይፈጃል፣ ግንባታው እስኪያልቅ ገንዘቡን የሚያበድረው ማን ነው፣ በስንት ወለድ።